ለካዛንቺስ ደሴት ጎብኚዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ክቡራትና ክቡራን መንገደኞች፣ መርከባችን መልሕቋን ጥላለች። ከአሁን ጀምሮ ስምንት ሰዓት አላችሁ። ለደሴቲቱ በቂ ነው፤ እንዲያውም ይተርፋል። ከዚያ በላይ የቆየ ሰው መጠየቅ ይጀምራል፤ ጥያቄ ደግሞ በከፈላችሁት ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ከመካከላችሁ ካርታ ማየት የሚወድ አንድ ሰው አይጠፋም። «ባሕሩ የታለ?» ይላል። እውነቱን ነው፤ ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም። መርከቦች ግን አሏት፤ በሰው ወደብ ጭነቷን ያወርዳሉ። ባሕር ሳይኖራት መርከብ ያላት አገር፣ ባሕር ሳይኖራት ደሴት ቢኖራት ምን ያስደንቃል? ሞቃታማነቷን የሚጠራጠርም ቢኖር፣ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ሕጋዊ የሞቃት ቀበሌ ነዋሪ ነን። ብርዱ ከ2,300 ሜትር በላይ የመውጣታችን ዕዳ ነው፤ ከፍ ያለ ሁሉ ይበርደዋል፣ ከታች ያለውንም አያይም። ዘንባባም ታስቦበታል። በየኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር ተተክሏል፤ ሐምሌ ላይ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ሥራውን ይሠራል። የአገሬው ጽድና ወይራ ለፎቶ አይመችም፤ ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ ለማንሳትም ያስቸግራል።

ወደዚህ ደሴት የሚወርደው መንገደኛ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው አውሮፕላን ቀያሪ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሰውን ከአንዱ አህጉር ወደ ሌላው በቦሌ በኩል ሲያሻግር፣ ቀጣዩ በረራ ከ8 እስከ 24 ሰዓት የሚያስጠብቀውን መንገደኛ ሆቴል ያሳርፈዋል። እሱም ገላውን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ቀይሮ፣ «እስቲ አገሩን ልየው» ብሎ ይወጣል። ሁለተኛው ባለ ባጅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ለስብሰባ መጥቶ፣ ስለ ድህነት ቅነሳ ከሻይ ሰዓት እስከ ምሳ ሲነጋገር ይቆይና አየር መቀበል ያሰኘዋል። ስሙ በአንገቱ ስለተንጠለጠለ ማን እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ሦስተኛው ዓይነት በወር አንድ ቀን ብቻ ስለሚመጣ፣ ቦታው ላይ ስንደርስ እናስተዋውቃችኋለን።

ታሪክ ለምትወዱ፣ ባጭሩ። ይህችን ደሴት የሠራት እንግዳ ነው፤ የሠራትም ለእንግዳ ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጣሊያን መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች መኖሪያ አሠራና፣ የቤቶቹን ስም ለሰፈሩ ጥሎ ሄደ። የአዲስ አበባ ሰው በምላሱ አለስልሶ ካዛንቺስ አላት። አምስቱ ዓመት አልፎ ሠሪው ሲወጣ አገሬው ገባ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ፣ ብዙው ቤት የቀበሌ ሆነ። ችግሩ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው፦ ሰዎቹ መኖር ጀመሩ። ማጀት ቀጠሉ፤ በአንድ በር ሦስት አባወራ አስገቡ፤ ዕድር አቋቋሙ፤ ዕቁብ ጣሉ፤ የጎረቤት ልጅ ቆነጠጡ። ለእንግዳ የተሠራች ደሴት እንዲህ በባለቤት ተጨናንቃ ሰማንያ ዓመት ገደማ ቆየች። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት የተደረገውን ማፍረስ የሚሉት ሰዎች ታሪክ አያውቁም። ደሴቲቱ ወደ ጥንት ዓላማዋ ተመለሰች እንጂ ምንም አልሆነችም።

የመጀመሪያው ማረፊያችን አፍሪካ አዳራሽ ነው። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚሁ ነው። ስትገቡ ቀና በሉ፤ የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት ፊት ለፊታችሁ ነው። 150 ካሬ ሜትር ስፋት አለው፤ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ከፍሎ ያሳያል። ፀሐይ ከጀርባው ስትመጣ ቀለሙ ወለሉ ላይ ይፈስሳል፤ ጫማችሁን ቀይና አረንጓዴ ሲያደርገው ፎቶ አንሱ። በመስታወቱ ላይ የተሳሉት ሰዎች ብዙ ናቸው። አንድም አልጎደለም፤ ሁሉም በየቦታቸው አሉ።

አዳራሹ 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ታድሶ የተከፈተው ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ በሉ። ባለሙያዎቹ የጥንቱ መልክ እንዳይለቅ ዓመታት ሲደክሙ ቆይተው ሥራቸውን ያስረከቡት፣ የደሴቲቱ ዶዘሮች ሌላውን ሥራ በሚያጣድፉበት ሰሞን ነው። ከአጥሩ ወዲህ አሮጌ ነገር እንዳይጠፋ ይለፋል፤ ከአጥሩ ወዲያ አሮጌ ነገር እንዳይገኝ ይለፋል። ሁለቱም ወገን ተሳክቶለታል። አዳራሹ ዓመታት ፈጅቷል፤ ሰፈሩ ያን ያህል አላስቸገረም። ቅርስ ማለት ይኼ ነው፤ አንዱ ሲታደስ ሌላው ይታወሳል።

ከግቢው ወጥተን በእግራችን እንሄዳለን። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ድንጋዩ ተስተካክሎ የተነጠፈ ነው፤ ተረከዘ ረጅም ጫማ ያደረገች ሴት እንኳ አትሰናከልም። ይህን ያህሉን ለማመስገን ሰምም ወርቅም አያስፈልግም፤ ድሮ ክረምት ሲገባ እዚህ አካባቢ ያለፈ ሰው ጭቃውን ያስታውሳል። ብስክሌት መንገዱ ቀለሙ ተለይቷል። ሣሩ ውሃ ይጠጣል፤ በሰዓቱ ይጠጣል፤ የቧንቧ ተራ የሚጠብቅ ሣር አላየንም። መብራቱ ሌሊቱን አያውቀውም። ፋውንቴኑ ሙዚቃ ሲሰማ ይዘላል። ወንበሮቹ ደግሞ ምቹ ናቸው፦ በካዛንቺስ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ተነሣ አይባልም። ተነሣ የሚባለው ቤቱ የተቀመጠ ነው።

ግራና ቀኙን ስታዩ ሕንፃዎቹ ግራጫ ቀለም ለብሰዋል። ይህ በመላ ከተማዋ የወጣ መመሪያ ነው። ቀድሞ አንዱ ቤት ሐምራዊ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ የባለቤቱን ዐመል የመሰለ ብርቱካናማ ነበር፤ እንግዳ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ግራ ይገባው ነበር። አሁን ቀለም የቀመሰ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል። ግራጫ ከማንም ጋር አይጣላም፤ ሐሳብም አያስነሣም።

ስለ ጥበብ ካነሣን ከተማችን ገጣሚ እንደሆነች መናገር ይገባል። አዋቂዎች እንደሚሉት ግጥም የሚባለው ቤት ሲመታ ነው፤ ቤት የማይመታ ዝርው ነው። እኛ ደግሞ በአንድ መጸው ብቻ ስንት ቤት መታን! ስንኙ ከአፍሪካ አዳራሽ አጥር ተነሥቶ ወደ ኡራኤል ይወርዳል፤ አንድ ቤት አይስትም። አንዳንድ አንባቢ «ቤቱስ መታ፣ ምሥጢሩ ምንድን ነው?» ይላል። ምሥጢሩማ ቢነገር ምሥጢር አይሆንም።

ግብይት ለምትፈልጉ፦ በደሴቲቱ ላይ ጉሊት የለም። ሽንኩርት በመደብ በመደብ የምትሸጥ፣ ለደንበኛ ሚጥሚጣ የምትመርቅ ሴት ብትፈልጉ ዘግይታችኋል። ሊስትሮው፣ ሱቅ በደረቴው፣ ከቆርቆሮ አጥሩ ሥር ረከቦት ዘርግታ የምታፈላው ልጅ፣ ሁሉም ለዕይታ ሲባል ፈቀቅ ብለዋል። ቡና ግን ሞልቷል፤ በወረቀት ኩባያ ይቀርባል። ሁለተኛና በረካ የሚባል ጣጣ የለውም፤ አንዱን ጠጥታችሁ ትሄዳላችሁ። ደሴቲቱም የምትወደው እንዲህ ያለውን ጠጪ ነው።

ይህን ዓይነቱን አሠራር እኛ አልፈለሰፍነውም። በሃይቲ ሰሜናዊ ጠረፍ ላይ ላባዲ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። ሮያል ካሪቢያን የተባለው የመርከብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ተከራይቶታል። መርከቡ ይቆም፣ ሺዎች ይወርዱ፣ ይዋኙ፣ ይበሉ፣ ፀሐይ ይሞቁ፣ ሲመሽም ይሳፈሩ ነበር። ዳርቻው በአጥር ከሃይቲ ተለይቷል፤ እንግዳው ወደ አገሩ አይዘልቅም ነበር፣ አገሬውም ያለ ፈቃድ ወደ እንግዳው አይመጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ርዕደ መሬት ዋና ከተማዋን ፖርቶፕሪንስን ካፈረሰ ከሦስት ቀን በኋላ እንኳ መርከቡ እንደ መርሐ ግብሩ መጣ። እርዳታም አራግፏል፤ እንግዶቹም ውሃ ዳር ተዝናንተዋል። ያን ጊዜ ዓለም ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ፦ አንዱ «ነውር ነው» አለ፣ ሌላው «ባይመጡ ለማን ይጠቅማል?» አለ።

እኛ ከሃይቲ የተሻልነው እዚህ ላይ ነው። ላባዲ አጥር አላት፤ ካዛንቺስ አጥር አላስፈለጋትም። አጥር የሚያስፈልገው ከወዲያ በኩል ሰው ሲኖር ነው።

ማታ ማታ ምን ይታያል ለሚል፦ ይህች ደሴት የአዝማሪ ቤት አገር ነበረች። ፈንድቃ እዚህ ነበር። እስክስታ መችው መላኩ በላይ የመራው ያ ቤት፣ ዓለም ዞሮ የመጣ ሙዚቀኛና የሰፈር ጎረምሳ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው የሚቀመጡበት ነበር። እሱም ከ2017 ወዲህ ከጥንቱ ቦታው ለቋል። አዝማሪ ቤት ለዘመናዊ ደሴት ስለማይመች አትዘኑ። አዝማሪ ዐመሉ አስቸጋሪ ነው፤ ስታመሰግነው ይሰድብሃል፣ ስትሰድበው ያመሰግንሃል፤ የቱን እንዳደረገ የምትረዳው ቤትህ ገብተህ ስትተኛ ነው። ቤትህ ከሌለ ደግሞ ነገሩን ሳትረዳው ታድራለህ። ከዚህም ሌላ አሁን መብራቱ በዝቷል፤ በሰም የሚሠራ ሰው ቢጠነቀቅ ይሻላል። ለናሙና ያህል አንድ ጨዋታ አዋቂ «ተቀበል!» ብሎ ለመሰንቆው የሚሰጠው ዓይነት ስንኝ ይኸው፦

ካሳ ይመጣል ብዬ ከደጅ ስጠብቀው፣
በሬን ይዞት ሄደ ማን እንደሁ ሳላውቀው።

ገበሬ ነው የሚያዝነው። ካሳ የተባለው ወዳጁ ስለቀረበት፣ በሬውም ስለተነዳበት ነው። በካዛንቺስ በሬ ያረባ ሰው እንዳልነበረ እናውቃለን፤ ስለዚህ ስንኙ እኛን አይመለከትም።

አሁን ሦስተኛውን መንገደኛ እናስተዋውቃችሁ። በየወሩ በ22፣ በኡራኤል ቀን፣ ማለዳ ይመጣል። የሚመጣው ከአቃቂ ቃሊቲ በኩል ነው፤ ገላን ጉራ ከሚባለው፣ የልማት ተነሺዎች ከገቡበት አዲስ መንደር። ሁለት ታክሲ ይቀይራል። ረዳቱ «ካዛንቺስ አንድ ሰው! ካዛንቺስ አንድ ሰው!» እያለ ይጠራዋል። እንዳትሳሳቱ፤ ይህ የሕዝብ ቆጠራ ውጤት አይደለም፣ የወንበር ጉዳይ ነው፤ አገራችን ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው።

ይህ መንገደኛ ቆይታው ከእናንተ ያጠረ ነው። ቅዳሴ ያስቀድሳል፣ ጠበል ይጠጣል፣ የታክሲ ሰልፍ ሳይረዝም ይመለሳል። በመካከል ግን እንደ እናንተው ደሴቲቱን ይጎበኛል። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጠበል የሞላ ሃይላንድ በክንዳቸው አቅፈው፣ ከአንድ የመብራት ምሰሶ ተነሥተው በእርምጃ ሲለኩ ታዩ ይሆናል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት አይደለም፣ ቆጠራ ነው። ከአስፋልቱ ወዲህ ያለውን ሣር አልረገጡም፣ ዞረው ሄዱ። ብስክሌት መንገዱ መሐል ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚች ጋ ጓዳዬ ነበር» አሉ፣ ለማንም።

ጥበቃው መጣ። ትሑት ልጅ ነው። «እማማ፣ ብስክሌት እንዳይገጭዎት ወደ ዳር ይበሉ።»

«እሺ የኔ ልጅ። ምድጃዬ ላይ እንዳይወጣብኝ ብዬ ነው።»

ልጁ ወደ ኋላው ዞሮ ምድጃ ፈለገ።

ስለ አዲሱ ቤታቸው ስንጠይቃቸው አላማረሩም። «ቤቱስ ተመስገን፤ ውስጡ ንጹሕ ነው። ሽንት ቤቱ የብቻዬ ነው፤ እዚህ ሳለን እኮ ከጎረቤት ጋር ተሰልፈን ነበር። አሁን አብሮኝ የሚሰለፍ ጎረቤት አጣሁ እንጂ።»

«ዕድሩስ እማማ?»

«ዕድሩ? ድንኳኑ አንድ ቦታ፣ ጥሩምባው ሌላ ቦታ፣ ሟቹ ሌላ ቦታ። መገናኘት ነው ያቃታቸው።»

ከዚያ ወንበር ላይ ዐረፍ አሉ። ከአጠገባቸው ባጅ ያንጠለጠለ ሰው ተቀምጦ ስልኩን ወደ ፋውንቴኑ አዙሯል። ሁለቱም እንግዶች ናቸው፤ ሁለቱም ከመምሸቱ በፊት ይሄዳሉ፤ ሁለቱም እዚህ እሳት ማንደድ አይችሉም። ልዩነታቸው ጥቂት ነው። እሱ ያየውን ፎቶ ያነሣል፤ እሳቸው የሚያዩትን ካሜራ አያነሣውም። እሱ የመጣው ለማየት ነው፤ እሳቸው የመጡት ምናልባት ለመታየት ነው፤ የሚያውቃቸው ሰው በኡራኤል ደጅ ቢያልፍ ብለው። እሱ ስለ ቆይታው ሪፖርት ይጽፋል፤ በሪፖርቱ ውስጥ እሳቸው «ተጠቃሚ» ተብለው ይገባሉ።

ደሴት ለጎብኚ ብቻ ሲሰናዳ እንዲህ ያለ እኩልነት ይመጣል። ኮሪደር በባሕርዩ መተላለፊያ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም፣ ሁሉም ያልፍበታል። በአሮጌው ካዛንቺስ አንዱ ባለቤት፣ አንዱ ተከራይ፣ አንዱ ደባል ነበር፤ መበላለጥ ነበር። ዛሬ በቀን ብርሃን ስታዩት ባለ ፎቁም፣ ባለ ባጁም፣ ባለ ነጠላውም በአንድ ጎዳና ላይ እኩል አላፊ አግዳሚ ናቸው። ይህን ፍልስፍና ሊቃውንቱ ሲሰብኩት የኖሩት ነው፦ በዚህ ዓለም ሁላችን መንገደኞች ነን። ስብከቱን ወደ መሬት ያወረደችው ግን ካዛንቺስ ናት። አውርዳም አልቀረች፣ ከመሬቱም አነሣችው።

ከመሳፈራችሁ በፊት ዘወትር የሚቀርብልን ጥያቄ አለ። ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ዕድሜው የገፋ፣ ብዙ ደሴት ያየ መንገደኛ ነው። ዘንባባውን አይቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ግራጫውን ዳር ዳሩን አይቶ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ሁሉም ያምራል። የደሴቲቱ ሰዎች ግን የሚኖሩት የት ነው?»

መልሱ በመመሪያችን ተጽፏል፦ የራሳቸው ሌላ ደሴት አላቸው፤ መርከብ ግን እዚያ አይቆምም። ጠያቂው ካልረካ፣ ሕፃናት ለእንቅልፋም እህታቸው የሚሉት ዓይነት ይህን ስንኝ እንጨምርለታለን፤ ስለ አንዲት ልጅ የማለዳ ትጥበት ስለሆነ ማንንም አይከፋውም፦

ካዛንቺስ ተነሺ ቢሏት በማለዳ፣
ገላን ብላ ወጣች፣ ቤቷም በዚያው ጸዳ።

እንግዲህ ፊሽካው ተነፍቷል። መርከባችን ልትነሣ ነው፤ በዚህ ደሴት ተነሡ ሲባል ማዘግየት አልተለመደም። እናንተ ግን፣ ክቡራን መንገደኞች፣ ዕድለኞች ናችሁ። የምትነሡበትን ሰዓት ቀድማችሁ ታውቁ ነበር፤ ዕቃችሁን ሰው ይሸከምላችኋል፤ የምትደርሱበትም የመረጣችሁት ቦታ ነው። ቅሬታ ያለው መንገደኛ ቅጽ ሞልቶ ለመርከቡ አዛዥ ማቅረብ ይችላል፤ አዛዡ የሚገኙት መርከቡ ላይ ስለሆነ ቅሬታ የሚያቀርበውም የተሳፈረ ሰው ብቻ ነው።